ቀዮ፣ ጥቁርዬና የኡፕሳላ ፀሐይ

ስዊድን በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብ ነው። ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሲያጋጥመኝ መደገፊያውን ይዤ፣ ከምንከባከባቸው አሮጊቶች ብሼ ነበር የምወጣው። ጭኔ ይዝላል። ወገቤንና ጎድኔን ይቆረጥመኛል። ከወንበር ስነሳ በእጄ ካልተደገፍኩ አይሆንልኝም።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የመጀመሪያው ሐኪም ሥራ በዝቶብሻል ብሎ ማስታገሻ አዘዘልኝ። ሁለተኛዋ ድብርት ነው አለችኝ። እውነቱን ለመናገር አመንኳት። ከአገሩ ወጥቶ ያልናፈቀ ማን አለ? አንድ ዓመት ሙሉ የአጥንቴን ሕመም ናፍቆት ነው ብዬ ተሸከምኩት።

ሦስተኛው ሐኪም ሸምገል ያለ ሰው ነበር። ትንሽ አየኝና «ለመሆኑ ፀሐይ የት ታገኛለሽ?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። በብርዱ ወራት ወደ ሥራ ስወጣ ጨለማ ነው፣ ስመለስም ጨለማ ነው። በበጋውም ቢሆን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስሮጥ ነው የምውለው። ደሜን አስመረመረኝ። ቫይታሚን ዲ ከ50 ናኖሞል በሊትር ሲያንስ እጥረት ይባላል። የእኔ 14 ነበር።

አጥንቴ ነው እንጂ ልቤ አልነበረም የታመመው። ይህን ሳውቅ እዚያው ሐኪሙ ፊት አለቀስኩ።

ያስረዳኝን በራሴ አባባል ላስቀምጠው። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ዩቪቢ በሚባለው የፀሐይ ጨረር ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። የምኖርባት ኡፕሳላ ግን 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው ያለችው። በፈረንጆች ገና ሰሞን ቀኑ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በዚያችም ሰዓት ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጫፍ ብዙም ከፍ ሳትል ትጠልቃለች። ጨረሯ አየሩን በሰያፍ፣ ረጅም መንገድ ሲያቋርጥ ዩቪቢው መንገድ ላይ ይቀራል። እኛ ጋ የሚደርሰው ብርሃኑ ነው። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ መጋቢት እዚህ ማንም ሰው፣ ነጭም ሆነ ጥቁር፣ ቫይታሚን ዲ ከፀሐይ አያገኝም ማለት ይቻላል። ሰው የሚቆየው በበጋ ባጠራቀመው ነው። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ያንኑ ያህል ለማጠራቀም ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። እኔ ያጠራቀምኩት ነገር አልነበረም።

ኪኒኑን ጀመርኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደረጃውን ሳልደገፍ ወጣሁ። ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ያላበቃው በልጆቼ ምክንያት ነው።

ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ከአንድ እናትና ከአንድ አባት ናቸው። ትልቋ እንደ ቡና ፍሬ ጥቁር ናት። ትንሿ ቀይ ናት፤ ፀጉሯ ራሱ ወደ ቡኒ ያደላል። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ጠይም ነን። አገር ቤት ከእማማ ጋር በቪዲዮ ስንደዋወል ትልቋ «ጥቁርዬ»፣ ትንሿ «ቀዮ» ናቸው። እኔም እንደዚያው ነበር የምጠራቸው። የፍቅር ስም ነው ብለን ነው። ግን ሰው ቤታችን ሲመጣ ልብ ብዬ አየሁ። ቀዮን ሲያዩ «እንዴት ታምራለች!» ይላሉ። ጥቁርዬን ሲያዩ «ትምህርትስ እንዴት ነው?» ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ የማውቃት ሴት ቡና ልትጠጣ መጣች። ከዱባይ መመለሷ ነበር። ከቦርሳዋ አንድ ቅባት አወጣችና «ለትልቋ ነው፤ ትንሽ ቀላ ያደርጋታል» አለችኝ። ልጄ የፈንዲሻውን ሰሃን ይዛ ፊታችን ቆማለች። ማሸጊያው ላይ ምን እንዳለበት እንኳ አልተጻፈም። እንዲህ ያሉ ቅባቶች ውስጥ ሜርኩሪ እንደሚገኝ አውቃለሁ፤ ኩላሊት ይጎዳል። እኔ ግን ይሉኝታ ያዘኝና «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልኩ። ቅባቱን ማታውኑ ጣልኩት። ያልኩት ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልትተኛ ስትል ልጄ በስዊድንኛ ጠየቀችኝ፤ «ማሚ፣ እኔ ላይ ምንድን ነው የተበላሸው?»

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ለእሷ የሚሆን እውነተኛ መልስ ፈለግኩ። «አንቺም ቆንጆ ነሽ» ብዬ ላልፋት አልቻልኩም። ያቺ «አንቺም» የምትለዋ ቃል ራሷ ነበረች የምታመኝ።

መጀመሪያ የነገርኳት ስለ ጃንጥላው ነው። ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ብዛት በጥቁሩም በነጩም ሰው ቆዳ ላይ ተቀራራቢ ነው። የሚለየው የሚሠሩት ቅንጣት ነው። በጥቁር ቆዳ ቅንጣቶቹ ትልልቅ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ተበትነው ይቀመጣሉ። በነጭ ቆዳ አነስ ይላሉ፤ ተጠጋግተው ይቀመጡና ቶሎ ይፈርሳሉ። ከሁሉም የገረመኝ አቀማመጣቸው ነው። በሴሉ ውስጥ ከአስኳሉ በላይ፣ በፀሐይዋ በኩል ይሰበሰባሉ። ዘረመሉን ከጨረር የሚከልል ጃንጥላ ይሆናሉ። ልጄ እጇን አምፖሉ ሥር አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ኒና ጃብሎንስኪና ጆርጅ ቻፕሊን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 የቆዳን ቀለም ከፀሐይ ካርታ ጋር አያይዘው አሳተሙ። ኃይለኛ ፀሐይ በደም ውስጥ ያለውን ፎሌት ያፈርሳል። ፎሌት ለነፍሰ ጡር በኪኒን የሚታዘዘው ነገር ነው፤ ሲጎድል ሕፃኑ የአከርካሪ ጉድለት ይዞ ሊወለድ ይችላል። እንደ እነሱ አስተሳሰብ ምድር ወገብ አካባቢ ጥቁር ቆዳ ፎሌቱን ስለጠበቀ ጸና። ወደ ሰሜን ሲኬድ ደግሞ ቫይታሚን ዲ ወደ ሌላው ጎን፣ ወደ ነጣ ያለ ቆዳ ጎተተ። እኔን ደረጃ ላይ ያቆመኝ ነገር ያው እሱ ነው። የአያቶቼ ቆዳ ለአያቶቼ ፀሐይ ልክ ነበር፤ ያለ እሷ ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ።

ግን የሁለቱ እህትማማቾች ነገርስ? በእንቅልፍ ፋንታ ያነበብኩት ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ መስመሩ የደበዘዘ ትንሽ ዓሣ ሲያጠኑ ኤስኤልሲ24ኤ5 የሚባል ዘረመል ተገኘ። ከዚህ ዘረመል ዓይነቶች ቀለም የሚያቀላው አውሮፓውያን ሁሉ ዘንድ አለ ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የዘረመል ተመራማሪዋ የሳራ ቲሽኮፍ ቡድን ኢትዮጵያ፣ ታንዛኒያና ቦትስዋና ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰዎችን አጥንቶ ውጤቱን አወጣ። ያው ዓይነት ኢትዮጵያም ውስጥ በብዛት አለ። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ወደ አፍሪካ ቀንድ ከተመለሱ ሰዎች ጋር የገባ ነው። እኔና ባለቤቴ ምናልባት እያንዳንዳችን አንድ አንድ ቅጂውን ይዘናል። አንዷ ልጅ ሁለቱንም ልትወስድ፣ ሌላዋ አንዱንም ላትወስድ ትችላለች። ቀለም በአንድ ዘረመል ብቻ አይወሰንም፤ ብዙ ናቸው። ነገር ግን እንዴት አንድ ማዕድ ላይ ሁለት ቀለም እንደሚቀመጥ በዚህ ገባኝ።

ጥናቱ ሌላም ነገር ነበረው። ቆዳ ከሚያቀሉት ዓይነቶች አንዳንዶቹ እዚያው አፍሪካ ውስጥ የተፈጠሩ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም የዛሬው ሰው ከመምጣቱ በፊት ይሄዳል። ኤምኤፍኤስዲ12 በሚባለው ዘረመል ላይ ያሉ ቆዳ የሚያጠቁሩ ዓይነቶች ደግሞ አንዳንዶቹ በኋላ የመጡ ናቸው። እነዚህ በምሥራቅ አፍሪካ ናይሎ ሳሃራዊ ቋንቋዎችን በሚናገሩ ሕዝቦች ዘንድ በብዛት ይገኛሉ። ጥቁረት ድሮ የቀረ፣ ቅላት የመሻሻል ምልክት የሚመስለው ሰው ይህን ቢያነብ ደስ ይለኝ ነበር። ሁለቱም አፍሪካ ውስጥ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል።

አንድ እሑድ ትልቋን ይዤ ወደ ካቴድራሉ ሄድኩ። ኡፕሳላ የምንኖር ሰዎች በየቀኑ በአጠገቡ እናልፋለን። ወለሉ ሥር ካርል ፎን ሊኔ ተቀብሯል። ዕፅዋትንና እንስሳትን ስም ሰጥቶ የደረደረው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1735 ሰውንም ነጣ ያለ፣ ቀላ ያለ፣ ጠይም፣ ጥቁር ብሎ በአራት ከፈለ። በ1758 እትሙ ቀለሙ ላይ ጠባይ ጨመረበት፤ ለአፍሪካዊው ስንፍናና ግድየለሽነትን ሰጠው። እዚሁ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1922 መንግሥት የዘር ባዮሎጂ ተቋም ከፈተ። ሄርማን ሉንድቦርግ በሚባል ሐኪም እየተመራ የሰሜኑን የሳሚ ሕዝብ የራስ ቅል ይለካ፣ ፎቶ ያነሳ ነበር። ለልጄ ይህን ስነግራት ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ያ ሁሉ መደርደር የመጣው ከዚህ፣ ወተት ከምንገዛበት መንገድ አጠገብ ነው።

ከዚያ የጥንቶቹን ሰዎች ነገርኳት። ስፔን ውስጥ ላ ብራኛ ከተባለ ዋሻ የተገኘ የ7,000 ዓመት ሰው አለ። ዘረመሉ ሲነበብ ቆዳው ጠቆር ያለ፣ ዓይኑ ሰማያዊ እንደነበር ታየ። እዚህ ስዊድን ሞታላ ላይ የተገኙት፣ ከእሱም የሚቀድሙት አዳኞች ደግሞ ቀለም የሚያቀላውን ዓይነት ይዘው ነበር። በአውሮፓ ሁሉም ከመጀመሪያው ነጭ አልነበረም።

«ታዲያ ያ የስፔን ሰውዬ እኔን ይመስል ነበር?» አለችኝ።

«በቀለም ሊመስልሽ ይችላል።»

«ሰማያዊ ዓይን ግን አልፈልግም» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ቤት ገብተን እማማ ጋ ደወልኩ። የፍቅር ስሞቹን እንድንተው ለመንኳት። መጀመሪያ አልገባትም። «እኔ እኮ ጥቁር የምለው ወድጄ ነው፤ አንቺንስ ስንት ዓመት ጠይሜ ብዬ አሳደግኩሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን የልጅቷን ጥያቄ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ በስማቸው ነው የምትጠራቸው። አልፎ አልፎ ያመልጣታል፤ ወዲያው ታርመዋለች።

አሁን ሁላችንም ቫይታሚን ዲ እንወስዳለን። ከጥቅምት ጀምሮ ቁርስ ላይ ከሻዩ አጠገብ ይቀመጣል።

ባለፈው ሰኔ ፊሪስ ወንዝ ዳር ሣሩ ላይ ተቀምጠን ነበር። ምሽት አራት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ትንሿ ቀን ሙሉ ስትሯሯጥ ውላ ትከሻዋ ፍም መስሏል። ትልቋ የፀሐይ መከላከያውን ከቦርሳዬ አወጣች። መጀመሪያ የራሷን ክንድ ቀባች። ከዚያ ለነገ ነው እያለች የእህቷን ትከሻ ቀስ አድርጋ ቀባችው።

«አትንቀሳቀሽ» አለቻት። «ያንቺ ጃንጥላ ትንሽ ናት።»