ችግኙ ከነፕላስቲኩ

ወሩ ጥር ነው። ከከተማ ወጣ ያለ ዳገት ላይ ቁጢጥ ብዬ በጣቴ አፈር እጭራለሁ። ሐምሌ ላይ እዚሁ ቦታ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ የባንክ ሠራተኛ መጥቶ ነበር። አረንጓዴ ቲሸርት ለብሰናል፣ ፎቶ ተነስተናል፣ ለስላሳ ጠጥተናል። አሁን ከአፈሩ ያወጣሁት ግን ደረቅ ጭራሮ ነው። ሥሩ እስካሁን በጥቁሩ ፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው። ከመካከላችን አንዱ ችግኙን ከነፕላስቲኩ ቀብሮት ሄዷል። ምናልባትም እኔው ነኝ። የዚያን ቀን ከመትከል ይልቅ ፎቶ አንሺውን ሳሯሩጥ ነው የዋልኩት።

ከፊቴ ያሉትን አርባ ጉድጓዶች ቆጠርኩ። ዘጠኙ ላይ አረንጓዴ ነገር ይታያል። ጠጋ ብዬ ሳይ ከዘጠኙ ሁለቱ አረም ናቸው።

ሥራዬ ባንክ ውስጥ ጠቅላላ አገልግሎት ነው። ወንበር፣ ወረቀት፣ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ጄኔሬተር፣ ብቻ ካልጎደለ ማንም የማያስታውሰው ነገር ሁሉ እኛ ጋ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አለቃዬ ጠሩኝና "የአካባቢ ጥበቃ ኮሚቴ ሊቋቋም ነው፣ ሰብሳቢው አንተ ነህ" አሉኝ። ለምን እኔ ስላቸው "ወረቀቱም መብራቱም አንተ ጋ አይደል?" ብለው ሳቁ። ሠራተኛው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ግንዛቤ እንዲኖረው ማድረግ ነው ሥራው። ቀላል መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግነው ፖስተር ማሳተም ነው። "ወረቀት እንቆጥብ" ይላል። ባለ ቀለም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ወፍራም ወረቀት። ለየቅርንጫፉ አምስት አምስት ላክን። የፋይናንስ ልጆች የማተሚያ ቤቱን ደረሰኝ አይተው ሳምንቱን ሙሉ ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው።

ፖስተሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወረቀቱ እንደ ድሮው ይጎርፋል። ከየት ነው የሚመጣው ብዬ አንድ ቀን ከሰዓት ፕሪንተሩ አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የመዝገብ ቤት ልጅ አንድ ሜሞ ይዛ መጣች። ፍሬ ነገሩ አራት መስመር ነው፤ ለአንድ ቅርንጫፍ ሁለት ወንበር ይላክ ይላል። ግርጌው ላይ ግን "ግልባጭ" ተብሎ ስምንት ክፍል ተደርድሯል። ስምንት ጊዜ ታተመ። ስምንት ጊዜ ማህተም ተመታበት።

"ስምንቱም ያነቡታል?" አልኳት።

"ፋይል ያደርጉታል" አለችኝ።

መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህችን ያውቃታል። ግልባጭ ሰው እንዲያውቅ ብቻ አይደለም የሚላከው። ነገ ኦዲት ሲመጣ "አሳውቄ ነበር" ለማለት ነው። ስለዚህ ሠራተኛውን መለመኑን ትቼ ቀጥታ ኦዲት ክፍል ሄድኩ። ጭቅጭቅ ጠብቄ ነበር። "ዋናው አንድ ቦታ ማህተሙን ይዞ ከተቀመጠ ግልባጩ በኢሜይል ቢሆን እኛ መቼ ጠላን?" አሉኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው በኦዲት ስም ሲያትም ኦዲትን የጠየቀ የለም። አንዲት ገጽ ሰርኩላር ወጣች። አይቲዎችም ፕሪንተሮቹ ማንም ሳያዛቸው በወረቀቱ ሁለት ገጽ እንዲያትሙ አስተካከሉልን። በየወሩ የሚመጣልኝ የወረቀት ጥያቄ ሲቀንስ በዓይኔ አየሁ። ፖስተሩን ግን አንድ ሰው እንኳ አንብቦት እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

በዚህ ልቤ አበጠና ሃይላንድ ላይ ዘመትኩ። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር በየወንበሩ ፊት አንድ አንድ ይደረደራል። ግማሹ ይጠጣል፣ ግማሹ ተከፍቶ ይቀራል። በጆግና በብርጭቆ ይሁን አልን። "እንግዳ በጆግ?" ያሉ አልጠፉም፤ ግን አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ደረጃ ላይ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አስቆሙኝ። ትልቅ ሴት ናቸው።

"አንተ ነህ አሉ ሃይላንዱን ያስቀረኸው?"

"አዎ እናቴ፣ ለአካባቢው ብለን ነው።"

"ለአካባቢውስ ደግ አደረግህ። የልጄን ደብተር የምገዛው በሱ ነበር።"

ለካ ጽዳቶቹ ጠርሙሱን በማዳበሪያ ከረጢት እያጠራቀሙ ለቆራሌው ይሸጡ ነበር። ቆራሌው ለነጋዴ፣ ነጋዴው ለፋብሪካ። ከሕንጻችን ከሚወጣው ቆሻሻ ሁሉ በትክክል ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው ያ ጠርሙስ ነበር። እኔ ሰንሰለቱን በጥሼ ለማኔጅመንት የስኬት ሪፖርት አቅርቤያለሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ውሸት ነው፤ ተኝቻለሁ። ግን ፊታቸው አልጠፋብኝም። ጆጉን አልመለስኩትም። ሌላ ነገር ፈለግኩ። የማቆያ ጊዜያቸው ያለፈ ሰነዶችን ከመጋዘን ጀርባ እናቃጥል ነበር። አሁን ተቆራርጠው ለወረቀት ፋብሪካ ይሸጣሉ፣ ከሚገኘው ግማሹ ለጽዳት ሠራተኞቹ ይከፈላል። ይህን ለማስፈቀድ አራት ወር ፈጀብኝ። ባንክ ገንዘብ ለማበደር ቅጽ አለው። ለጽዳት ሠራተኞቹ የቆሻሻ ወረቀት ሽያጭ ለማካፈል ግን ቅጽ የለውም።

ስለ ጄኔሬተር ያስተማረኝ ደግሞ ጥበቃ ነው። በናፍጣ ፍጆታ አንደኛ የወጣ ቅርንጫፍ ነበረን። ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ይቺ ጄኔሬተር ለምንድን ነው እንዲህ የምትጠጣው?"

መልስ ሳይሰጡኝ ከጀርባ ወዳለችው ክፍል ወሰዱኝ። ማቀያየሪያው በእጅ የሚሠራ ነው። መብራት ሲጠፋ ጋሼ ወደ ጄኔሬተር ያዞሩታል። ከዞረ በኋላ ግን መብራት ይምጣ አይምጣ በምን ያውቃሉ? ሕንጻው ከመስመሩ ተለይቷል። "ከፊት ለፊት ያለውን ዳቦ ቤት አምፖል ነው የማየው" አሉኝ። "ቀን ቀን ደግሞ አያበሩትም።" ስለዚህ መብራት አስር ሰዓት ላይ ቢመጣም ጄኔሬተሩ እስከ መዝጊያ ይንጫጫል።

ኤሌክትሪሺያን ጠርተን ከማቀያየሪያው በፊት፣ በቆጣሪው በኩል፣ አንዲት አምፖል አስገባን። መብራት ሲመጣ እሷ ትበራለች። ዋጋዋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም። የናፍጣ ጥያቄው በሁለተኛው ወር ቀነሰ፤ ሌሎች ቅርንጫፎችም ላይ ደገምነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ቀደም ብዬ በየማብሪያ ማጥፊያው ላይ "መብራት ማጥፋትዎን አይርሱ" የሚል ስቲከር ለጥፌ ነበር። ክፉ አይደለም፣ ቆጣሪ ይቀንሳል። ግን የኛ አገር መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው የሚመነጨው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ሕዳሴም ውሃ ነው። ጭሱ ያለው አምፖሉ ጋ ሳይሆን ጄኔሬተሩ ጋ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ስቲከሩ መለጠፍ የነበረበት ጄኔሬተሩ ላይ ነው።

ሥልጠናው ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። ስላይዱን ከኢንተርኔት ለቃቅሜ ሠራሁት። የበረዶ ድብ፣ የሚናድ በረዶ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ቀይ መስመር። አዳራሹ ውስጥ ስድሳ የሚሆን ሰው አለ፣ ሰዓቱ ከምሳ በኋላ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዱ ለሽ ብሏል። ጥያቄ ካላችሁ ስል የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ አበል ሆነ።

ከዚያ አንድ የብድር ባለሙያ እጁን አወጣ። ቦረና ሠርቶ ወደ አዲስ አበባ የተዛወረ ልጅ ነው። እዚያ ጋና የሚሉት ዋናው ዝናብ አለ፣ ሐጋያ የሚሉት አጭሩ አለ። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። ልጁ ስለ ድርቁ ብዙ አላወራም፤ ስለ አንድ ፋይል ነው ያወራው። ደንበኛው የከብት ነጋዴ ነበር። ብድር ወስዶ ከብት ገዛ። ከብቶቹ መራመድ አቃታቸው፣ ገበያ ሳይደርሱ አለቁ። መያዣው የሰውየው መኖሪያ ቤት ነው።

"ሐራጅ ያወጣሁት እኔ ነኝ" አለ። "ፋይሉ ላይ ብድሩ ያልተመለሰበት ምክንያት የሚል ቦታ አለ። 'የደንበኛው ቸልተኝነት' የሚለው ላይ ምልክት አደረግን። ዝናብ የሚል ምርጫ አልነበረውም።"

አዳራሹ ጸጥ አለ። የተኛውም ነቅቷል።

የበረዶ ድቡን የዚያኑ ቀን አሰናበትኩት። በ2004 ዓ.ም ይፋ የሆነውን የአገሪቱን የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አውጥቼ እንደገና አነበብኩ። በፈረንጆቹ 2010 ኢትዮጵያ 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ የሙቀት አማቂ ጋዝ ለቃለች ይላል። ከ85 በመቶ በላዩ ከእርሻ፣ ከከብት እርባታና ከደን ነው። ሕንጻዎች 3 በመቶ ገደማ። እንግዲህ እኔ ኮሚቴ ሰብስቤ፣ በጀት ይዤ፣ ሦስቱ በመቶ ላይ ስቲከር ስለጥፍ ነበር። የቀረው እኮ በብድር ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያልፈው። ትራክተሩን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የከብት ማድለቢያውን፣ የቡና ሳይቱን ገንዘብ የሚሰጠው ማን ሆነና?

ከዚያ በኋላ ሥልጠናውን በተዘጉ የብድር ፋይሎች አደረግነው። የደንበኛው ስም በጥቁር ይሸፈናል፣ ፋይሉ ለአምስት ለአምስት ሰው ይሰጣል። ይህ ብድር ለምን ተበላሸ? የትኛው ወር ላይ? ዝናቡ ያኔ እንዴት ነበር? አንድ ቡድን ላይ ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ እያለ ያለ ወቅቱ የዘነበበት ፋይል ደረሰ። ደረጃው ወረደ፣ ዋጋው ወረደ፣ ብድሩ ዘገየ። ከጅማ አካባቢ የመጣችው ልጅ ስለ ቡና አደራረቅ ግማሽ ሰዓት አስተማረችን። እኔ ዝም ብዬ ስሰማ ነበር። ጥሩ ሥልጠና እንደዚያ ነው መሰለኝ።

የኤክስፖርት ብድር ሰዎች ብቻ "ይሄ የኛ ጉዳይ አይደለም" ብለው ክንዳቸውን አጣጥፈው ነበር። የአውሮፓ ኅብረትን ሕግ አነሳሁላቸው። በፈረንጆቹ 2023 የወጣ ነው። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም በኋላ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና አውሮፓ አይገባም ይላል፤ አስመጪው የማሳውን መገኛ በካርታ ነጥብ እንዲያሳይ ይፈልጋል፣ አስመጪው ደግሞ ከላኪው ይጠይቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ተገፍቷል፤ አልተሰረዘም። የኛ ቡና ደግሞ አብዛኛው ከትንንሽ የገበሬ ማሳ ተለቃቅሞ የሚመጣ ነው። አንዷ ተነስታ ኮሪደር ወጣችና ለደንበኛዋ ደወለች። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማኋት። "የገበሬዎቹን ማሳ ጂፒኤስ ይዛችኋል? ... እንዴት አልያዛችሁም?"

ችግኙንም አልተውኩትም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም አገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተከለ ከተባለ ወዲህ የትኛውም መሥሪያ ቤት ክረምት ላይ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ እኛም አንቀመጥም። ቁጥሩን ግን ቀነስነው። ከዚያ ጥር ወዲህ ወደ ዳገቱ መሄድ ትተን በቅርንጫፎቻችን ግቢና አጠገባችን ባሉ ትምህርት ቤቶች እንተክላለን። ከበጀቱ ገሚሱ ለበጋ ውሃ ማጠጫ ነው። አንዲት ደንብም አለች። ሰው ከመኪና ሲወርድ ችግኝ ይቀበላል፣ ሲመለስ ባዶውን ፕላስቲክ ቆጥሮ ያስረክባል። ፕላስቲክ የጎደለው ሰው ለስላሳ አያገኝም። ዘንድሮ አንድ ዳይሬክተር ሁለት ጎድሎባቸው ወደ ጉድጓዱ ተመልሰዋል።

ከሁሉም ያስቸገረኝ አንድ ጥያቄ ነው። የእርሻ ብድር መጠየቂያ ቅጽ ላይ "ውሃው ከየት ነው? ባለፉት ሦስት ዓመታት ጎድሎ ያውቃል?" የሚል መስመር ይግባ አልን። የስጋት ክፍሉ ሁለት ወር ተከራከረበት። በመጨረሻ ለሙከራ ጥቂት ቅርንጫፎች ላይ ገባ።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ባለሙያ ደወለልኝ። ደንበኛው ለመስኖ ፓምፕ ብድር ይፈልጋል። ጉድጓዱ ግን ከዓምና ይልቅ ዝቅ ብሏል ብሎ ራሱ ነግሮታል። "ምን ልጻፍ?" አለኝ። የነገረህን ጻፍ አልኩት። ጻፈ። የብድር ኮሚቴው ተጨማሪ ጥናት ይቅረብ ብሎ መለሰው። ደንበኛው ሁለት ሳምንት ጠበቀና መንገድ ተሻግሮ ሌላ ባንክ ገባ። በሳምንቱ ብድሩን አገኘ።

የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ደወለልኝ። ሰላምታ የለም። "አንተ ሰውዬ፣ ችግኝህን ትከል፣ ደንበኞቼን ተውልኝ!" አለና ዘጋው።

መልስ አልነበረኝም። እሱም ዒላማ አለበት፣ ሩብ ዓመቱ እየተዘጋ ነው። ጉድጓዱ ይደርቅ አይደርቅ እኔም አላውቅም። ልጁ ግን ደንበኛው አሁንም ጓደኛው ነው፤ ሰኞ ብትመጣ ጉድጓዱን ያሳየናል ብሎኛል። ገመድና ድንጋይ ይዤ ልሄድ ነው። ሥራ አስኪያጁንም ቡና እጋብዘዋለሁ።

የመኪና መጠየቂያውን ትናንት ሞላሁ። ትራንስፖርት ክፍል አራት ግልባጭ ይፈልጋል፣ በወረቀት።