«ዋራንቲው አይሸፍንም» የተባለውን ሞተር በወረቀት እንዴት እንዳስቀየርኩ

መኪናዋ አራት ሲሊንደር ሴዳን ናት። ለሞተርና ለካምቢዮ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል የሚል የፋብሪካ ዋራንቲ አላት፤ ማይሏ ደግሞ ገና 51,000 አካባቢ ነበር። ሚኒሞ ላይ (ቆማ ሞተሯ ሲዞር) ደህና ሆና ነዳጅ ሲረገጥ ማንኳኳት ጀመረች፤ የቢየላ ብሮንዚን (ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ የሚያገናኘው ክንድ የሚዞርበት ስስ ሽፋን) ሲበላ የሚሰማው ድምፅ ነው። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ያለው ዲለር (የኩባንያውን መኪና የሚሸጥና የሚጠግን ድርጅት) የመለሰልኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ዘይት በጊዜው ለመቀየሩ ማስረጃ የለም፤ ዋራንቲው አይሸፍንም።»

እንዲህ ያለ ድምፅ የሰማ ሰው መኪናውን አይንዳ፣ ያስጎትት። «ችግሩን እያወቀ ነዳው» ከተባለ ለመከልከል ሁለተኛ ምክንያት ሰጣቸው ማለት ነው። የመጎተቻውን ደረሰኝ ያስቀምጥ፤ በኋላ ይጠየቅበታል።

ብዙ ሰው የሚስተው ማን እንደከለከለው ነው። ዲለሩ ራሱን የቻለ ነጋዴ ነው፤ ዋራንቲውን የሰጠው አምራቹ ኩባንያ ነው። ቆጣሪው ጋ ያለው ሰርቪስ አድቫይዘር «አይሆንም» ሲል አምራቹ ነገሩን ጨርሶ ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ በዋራንቲ መጽሐፉ ላይ ባለው የደንበኞች ስልክ ደውዬ 17 ፊደልና አኃዝ ያለውን የቪን ቁጥር (የመኪናዋን መለያ) ሰጠሁ፣ ጉዳዩን በኬዝ ቁጥር አስመዘገብኩ፣ የአምራቹ የአካባቢ ተወካይ ሞተሩን እንዲያይ ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ሁሉ ያንን የኬዝ ቁጥር ይዟል።

ለዲለሩ በኢሜይል የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው፦ የተከለከልኩበት በጽሑፍ ይሰጠኝ፣ የዋራንቲ መጽሐፉ የትኛው አንቀጽ እንደሆነም ይጠቀስ። በቃል የተነገረ ክልከላ ለክርክር አይያዝም። አንቀጹ ሲጠቀስ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው «በጥገና ጉድለት *ምክንያት* የደረሰ ጉዳት» የሚል ነው። ደረሰኝ መጥፋት ብቻውን ሞተር አይሰብርም፤ ጉድለቱ ጉዳቱን ማድረሱ መታየት አለበት። ክርክሬን በሙሉ እዚያ ላይ ነው የተከልኩት።

እ.ኤ.አ. የ1975ቱ የአሜሪካ ማግኑሰን-ሞስ የዋራንቲ ሕግም የሚረዳው በዚሁ ነው። አምራቹ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በነፃ ካላቀረበ በቀር ዋራንቲውን «እኛ ጋ ካልተሠራ» ወይም «የእኛን ፊልትሮ ካልተጠቀምክ» በሚል ቅድመ ሁኔታ ማሰር አይችልም። ውጭ ጋራዥ ዘይት መቀየር ዋራንቲ አያሰርዝም። ጨርሶ አለመቀየር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሕጉ ለዚያ ጥላ አይሆንም።

ወደ ደረሰኙ ልምጣ። እኛ ሰፈር ጋራዥ ካሽ ሰጥተን፣ ተጨባብጠን፣ ያለ ወረቀት መውጣት ልማድ ነው። ጥሩ ደረሰኝ ቀን፣ ማይል፣ ቪን ቁጥር፣ የዘይቱን ዓይነትና መጠን ይይዛል። ወረቀቱ ከጠፋ ጋራዡ ኮምፒውተሩ ላይ ካለው መዝገብ ደግሞ እንዲያትም መጠየቅ ነው። የተቀዳ መዝገብ ከሌለ የባንክ ካርድ መግለጫ፣ በካርፋክስ (የመኪና ታሪክ መዝገብ) ላይ የተመዘገበ አገልግሎት፣ ራሱ ለሚቀይር ሰው የዘይትና የፊልትሮ መግዣ ደረሰኝ ይሰበሰባል። ማይሉን ለማስረዳት ዓመታዊ የኢንስፔክሽን ወረቀት ይጠቅማል። አንድ ቀን ቁጭ ብሎ የሦስት ዓመት ደረሰኝ የሚጽፍልህ ወዳጅ ካለ አመስግነህ እለፈው። ተከታታይ የደረሰኝ ቁጥርና አንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ሲያዩ ይነቁበታል፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛው ደረሰኝ ራሱ አይታመንም፣ ነገሩም ማጭበርበር ይሆናል።

እኔ ጋ የሁለት ቅያሪ ደረሰኝ ጎድሎ ነበር። ክፍተቱን የሞላው ሞተሩ ራሱ ነው። ዘይቱን ቀድሜ አላፈሰስኩም፤ ቀድሞ ማፍሰስ ማስረጃ ማጥፋት ይመስላል። ዲለሩ ሲያፈስ ቆሜ፣ መጀመሪያ የሚወርደውን አሳልፌ መሃል ላይ ከሚወርደው 90 ሚሊ ሊትር ያህል በንጹሕ ጠርሙስ ወሰድኩና ወደ ዘይት መመርመሪያ ላቦራቶሪ ላክሁ። ውጤቱ ላይ መዳብ፣ እርሳስ ወይም አሉሚኒየም መብዛቱ የብሮንዚን መበላትን ያሳያል፤ ሲሊከን ከፍ ካለ በአየር ፊልትሮ በኩል አቧራ ገብቷል፤ ሶዲየምና ፖታሲየም የራዲያተር ውሃ መቀላቀሉን ይጠቁማሉ። 0ደብሊው-20 የሚባለው ቀጭን የሞተር ዘይት በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ውፍረቱ ከ6.9 እስከ 9.3 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) መሆን አለበት። የእኔ በዚያ ክልል ውስጥ ነበር፤ የብሮንዚኑ ማዕድናት ግን ከፍ ብለዋል። ዘይቱ ሳይበላሽ ብሮንዚኑ መበላቱ ይህ ነው።

የቫልቭ ሽፋኑ ሲነሳ ፎቶ አነሳሁ። ወርቃማ ቡናማ ቀለም የሞተር የተለመደ መልክ ነው። ዘይት ያልተቀየረለት ሞተር ግን በጣት ሲነካ የሚጎተት ጥቁር ዝቃጭ ይይዛል፣ የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎቹም ይደፈናሉ። ቀዳዳዎቹ ክፍት መሆናቸውን በባትሪ እያበራሁ በቅርብ አነሳኋቸው። ከሁሉ በላይ የሠራልኝ ፎቶ ይህ ይመስለኛል፤ ተወካዩ ሞተሩን ሳያየው ቢቀር እንኳ ፎቶውን ማየቱ አይቀርም።

ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት የሚፈረመውን ወረቀት በጥድፊያ እንዳትፈርሙት። ዋራንቲው ካልሸፈነ የመፍቻውን ሰዓት የሚከፍለው ደንበኛው ነው፤ ሂሳቡም በቀላሉ ከሺህ ዶላር ያልፋል። ጣሪያውን በቁጥር አጽፉ፣ «የተፈታው ዕቃ ፊልትሮውን ጨምሮ አይጣል» የሚለውም ይግባ። የችግሩ መግለጫ «ደንበኛው ድምፅ አለ ብሏል» ተብሎ እንዳይቀር፤ መቼ፣ በስንት የሞተር ዙር፣ ሲሞቅ ወይስ ሲቀዘቅዝ እንደሆነ ይጻፍ።

ቀጥሎ የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ድረ ገጽ አለ። በቪን ሪኮል (አምራቹ ለደህንነት ችግር በነፃ የሚያደርገው የጥገና ጥሪ) ይፈለጋል፤ በዓመተ ምርትና በሞዴል ደግሞ አምራቹ ለዲለሮች የላካቸው የቴክኒክ ማስታወቂያዎችና የሌሎች ባለቤቶች አቤቱታዎች ይገኛሉ። ለእኔ ሞተር ስለዚሁ ማንኳኳት የወጣ ማስታወቂያ ስለነበር ቁጥሩን ደብዳቤው ውስጥ አስገባሁት።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው፤ በሰርቲፋይድ ፖስታ፣ የመቀበያ ፊርማ በሚመለስበት ተላከ። የኬዝ ቁጥሩ፣ የተጠቀሰው አንቀጽ፣ የላቦራቶሪው ውጤት፣ ፎቶዎቹ፣ ከዚያም ጥያቄው፦ የጥገና ጉድለት ይህን ብሮንዚን እንዴት እንደጎዳ በጽሑፍ አስረዱ፣ ካልሆነ ሞተሩን ለውጡ፣ የመጎተቻውንም ክፈሉ። ስድብ፣ ዛቻ፣ የቤተሰብ ችግር አይገባበትም። የሚያነበው ሰው ለአለቃው የሚያሳየው ወረቀት ነው የሚያስፈልገው።

ይህ ካልሠራ ቀጣዩ ሽምግልና ነው። ቢ.ቢ.ቢ. ኦቶ ላይን፣ በመኪና አምራችና በደንበኛ መካከል የሚሸመግለው ፕሮግራም፣ ለደንበኛው በነፃ ነው፤ ሁሉም አምራች ስለማይሳተፍ የዋራንቲ መጽሐፉን ማየት ያሻል። በፌዴራል ደንቡ መሠረት ውሳኔው በ40 ቀን ውስጥ ይሰጣል፤ ደንበኛው ከተቀበለው አምራቹን ያስገድዳል፣ ካልተቀበለው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በአነስተኛ ክርክር ችሎት ቨርጂኒያና ሜሪላንድ እስከ 5,000፣ ዲሲ እስከ 10,000 ዶላር ድረስ ይታያል። ሞተር ከዚያ በላይ ከሆነ የማግኑሰን-ሞስ ሕግ ከሳሹ ሲያሸንፍ ፍርድ ቤቱ የጠበቃ ወጪ እንዲያስከፍል ስለሚፈቅድ ቅድሚያ ክፍያ የማይጠይቅ ጠበቃ ይገኛል።

ለእኔ የሽምግልናውን ማመልከቻ ካስገባሁ በኋላ ከአምራቹ መጀመሪያ የመጣው «በበጎ ፈቃድ ግማሹን እንችላለን» የሚል ነበር። ይህ የተለመደ አካሄድ ነው፤ ለብዙ ሰው ጥሩ ስምምነት ሊሆንም ይችላል፣ ነገር ግን አብሮት የሚመጣው ፊርማ ሌላ ጥያቄ ሁሉ የሚዘጋ መሆኑን አንብቦ ነው። አልፈረምኩም፤ የዘይቱን ውጤትና የቀዳዳዎቹን ፎቶ ደግሜ ላክሁ፣ እነሱም ሙሉውን ለመሸፈን ተስማሙ።

ኡበር ወይም ሊፍት የምትሠሩ ግን ከመደወላችሁ በፊት መጽሐፉ ውስጥ «ለንግድ አገልግሎት» የሚለውን ቃል ፈልጉ። በተለይ ከሦስተኛ ወገን የተገዛ «ኤክስቴንድድ ዋራንቲ» ብዙ ጊዜ የአገልግሎት ውል ነው እንጂ የፋብሪካ ዋራንቲ አይደለም፤ ለንግድ የሠራ መኪናን በግልጽ ሊያስቀር ይችላል። እዚያ ላይ የምክንያት ክርክር ቦታ የለውም፤ የሚወስነው የውሉ ቃል ነው።

መኪናዋን ስትረከቡ የሥራ ትዕዛዙ ላይ የአዲሱ ሞተር ቁጥር፣ የተገጠመበት ማይልና በዋራንቲ መሠራቱ ተጽፎ እንደሆነ እዚያው ቆጣሪ ላይ አረጋግጡ። የአዲሱ ሞተር ዋራንቲ እስከ መቼ እንደሆነም ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ከዋናው ዋራንቲ በተረፈው ጊዜ ብቻ ነው።