ፋሲልን ከጀልባ ላይ

ጥምቀት አለፈ፤ እንግዶቻችን ግን ገና አልሄዱም። ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ከነባለቤቱ መጥቷል። ማታ ቡና ላይ ድንገት «ጎንደር ተወልጄ የጣናን ዳጋ ደሴት ሳላይ ልሙት ወይ?» አለ። እኔም አላየሁም። ጎረቤት ሰማ፣ የጎረቤት ዘመድ ሰማ፣ ሳናስበው ስምንት ሆንን። በማግሥቱ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሚኒባስ ውስጥ ተፋፍገን ወደ ጎርጎራ ወረድን።

ጎርጎራ ላይ የሞተር ጀልባ ተከራየን። ባለጀልባው ቀጭን፣ ወሬ የማያበዛ ልጅ ነው። ብርቱካናማውን ጃኬት አስለበሰንና ሕጉን ነገረን። «ዳጋ ላይ አንድ ሰዓት ትቆያላችሁ፣ ናርጋ ላይ አንድ ሰዓት። ከሰዓት ነፋስ ከተነሳ ጣና ቀልድ አያውቅም።»

ከዳር ብዙም ሳንርቅ ሞተሩ አጓርቶ ቀጥ አለ። እምቦጭ። ልጁ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ውሃ ውስጥ ከተተና እንደ ተበጠሰ ሹሩባ የተንጨፈረረ ሥር እየጎተተ አወጣ። አበባው ሐምራዊ ነው። ያምራል እኮ! ማማሩ ነው የሚያናድደው። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ አንድ ሽማግሌ በጎናችን አለፉ። ከሩቅ ሲታዩ ውሃው ላይ የተቀመጡ ነው የሚመስለው። የእኛ ሞተር ቆሞ የእሳቸው መቅዘፊያ አልቆመም። አይተውን ፈገግ አሉ፤ ምንም አላሉም።

ከሁለት ሰዓት በላይ ሄደን ሁለቱ ደሴቶች ብቅ አሉ። ደቅ ዝቅ ብሎ እንደ ምጣድ ተዘርግቷል። ዳጋ ከጎኑ፣ ከላዩ ተነስቶ የተቀመጠ አክንባሎ ይመስላል፤ ሾጠጥ ያለ፣ ጫካ የለበሰ። እዚያ አክንባሎ ጫፍ ላይ ነው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው። የገዳሙ ዕቃ ቤት የነገሥታት አስከሬን ይዟል፤ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የአፄ ሱስንዮስ፣ የአፄ ፋሲል ነው ይላሉ።

ሴት ግን አይወጣም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ የወንድሜ ሚስት ግን ጀልባው ቆሞ ወንዶቹ ሲወርዱ ነው የሰማችው።

«እና እኛስ?»

«እዚሁ ትጠብቃላችሁ» አለ ልጁ። «እንስት ከብት እንኳ አትወጣም።»

«ዶሮስ?»

«ዶሮም።»

«ታዲያ እንቁላል ከየት ያመጣሉ?»

«መነኩሴ እንቁላል ምን ያደርግለታል፣ እታለም?»

ሳቅን። ሥርዓት ነው፤ እኔ ከሥርዓት ጋር አልጣላም። ግን ልዋሽ አልችልም፣ ከፋኝ። ከፋሲል ጋር ያደግሁት እኔ ነኝ። ቤታችን ከግንቡ አጥር የድንጋይ ውርወራ ነው። በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጥላውን ይዤ ነበር የምሄደው። (አንቱ የማልለው ለዚህ ነው፤ ጎረቤት አንቱ አይባልም።) ወንድሜ በአሥራ ስምንት ዓመቱ አዲስ አበባ ገብቶ የቀረ ሰው ነው። እሱ ፋሲልን ሊያይ ዳገት ይወጣል፣ እኔ ጀልባ ላይ የሰው ቦርሳ እጠብቃለሁ።

ጀልባዋ ቀስ እያለች ትወዛወዛለች። ዛፎቹ ውስጥ ወፎች ይንጫጫሉ። የጥምቀቱ ባሕር ትዝ አለኝ። ፋሲል መዋኛ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው። ጥምቀት ሲቀርብ የቀሃን ወንዝ ይለቁበታል፣ መሀሉ ላይ ያለው ቤት በውሃ ይከበባል። ከሳምንት በፊት ወጣቱ እየተንደረደረ ሲዘልበት ዳር ቆሜ ሳይ ነበር። አሁንም ዳር ነኝ። አሁንም የፋሲል ቤት በውሃ ተከቧል።

ወንዶቹ አልበው፣ አቧራ ለብሰው ተመለሱ። ወንድሜን እጁን ይዤ ወደ ጀልባው እየጎተትኩ ጠየቅሁት።

«ምን ይመስላል?»

«ደርቋል።»

«ሌላስ?»

«መስታወት ውስጥ ነው።»

«እጁስ? ፊቱስ? ልብሱስ?»

«ኧረ ተይኝ፣ ዳገቱ ገድሎኛል። ውሃ የታለ?»

እግዜር ያሳያችሁ! ይህን የላክሁት ዓይኔ ሊሆን ነው። ጎረቤታችን ይሻላሉ፣ አባትና ልጁ እዚያው አንድ ቤት ውስጥ መሆናቸውን ነገሩኝ። ይህን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብሎ አገር ደም ተቃባ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ልጁ የአባቱን ሥራ ሻረ፣ ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሰባኪዎች ከአገር አስወጣ፣ በ1636 ጎንደርን ቆረቆረ። በሕይወት ሳሉ ምን ተባብለው ይሆን? የሚባለው እውነት ከሆነ አሁን እዚያ ላይ ጎረቤት ናቸው።

ደቅን ዞረን ናርጋ ሥላሴ ስንደርስ ቀድሜ የወረድኩት እኔ ነኝ። ማንጎ፣ ሎሚ፣ ጌሾ መሀል ትንሽ ሄድን። አጥሩ ሲታየኝ ቆምኩ። ድንጋዩን አውቀዋለሁ። ኖራውን፣ የበሩን ክብ ቅስት፣ ሁሉንም። ከቤቴ ተቆርሶ ውሃ ተሻግሮ የጠበቀኝ ነው የመሰለኝ። ናርጋን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። የቋራዋ ሴት፣ የአፄ በካፋ ሚስት፣ ባሏ ሞቶ ለልጇ ለኢያሱ አገር የመራች።

ቄሱ በዘንጋቸው መጋረጃውን ገለጥ አደረጉት። ቀለሙ ዓይን ይወጋል። ድንግል ማርያም ልጇን ታቅፋለች። ከእግሯ ሥር አንዲት ሴት ተደፍታለች፣ ተዘርግታ።

«እሷ ናት» አሉ።

ስቅስቅ ብዬ አላለቀስኩም፣ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም። ግን ዘንጉ ካረፈበት ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። አጽሟን ጎንደር ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አይቻለሁ፣ ከልጇና ከልጅ ልጇ ጋር። እናቴ ይዛኝ ስትሄድ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ማታ አልተኛሁም። አጥንቷን የማውቃትን ሴት ፊቷን ያየሁት ገና ዛሬ ነው። በጣም ትንሽ አድርጎ ነው የሳላት ሰዓሊው። የወንድሜ ሚስት ጆሮዬ ላይ «ይህን ሁሉ አሠርታ ጥግ ላይ?» አለችኝ። «ለራሷ የመረጠችው ቦታ ይሆናል» አልኳት። ከዚያ በላይ ሳንነጋገር ልጁ ከውጭ ጮኸ፤ ሰዓቱ ሞልቷል።

በር ላይ አንዲት ሴት ሎሚ ትሸጣለች። አንድ ፌስታል ገዛሁ። ጥሩ ሠራሁ፣ ነፋሱ እንደተባለው ተነሳ። የወንድሜ ሚስት ጎርጎራ እስክንደርስ ሎሚ አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የምታውቀውን ታቦት ሁሉ ጠራች። ወንድሜ ተኛ።

ማታ ቤት ስንደርስ አክስቴ በር ላይ ቆማለች። ሰባ ዓመት አልፏታል፣ ጣናን ተሻግራ አታውቅም። ከቀሩት ሎሚዎች አንዱን ሰጠኋት። አሸተተችው፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«ታዲያ ፋሲል እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ደኅና ነው አሉ፣ እትዬ።»