የስልኬን አፕዴት እንዴት ልክ አስያዝኩት

ቤታችን ያለው ኢንተርኔት በሲም ካርድ የሚሠራ ሚፋይ ነው። የወር ፓኬጅ እንሞላለን፣ ቤተሰቡ በሙሉ ይጠቀማል። ወሩ ሳይጋመስ ፓኬጁ ያልቃል። ከዚያ ምርመራ ይጀመራል። «ሌሊቱን ሙሉ ዩቲዩብ ላይ ያደርከው አንተ ነህ!» «አንቺ ነሽ ከቲክቶክ የማትነቀዪው!» ሁሉም ይምላል፣ ሁሉም ይገዘታል። የሚገርመው፣ ማንም አልዋሸም ነበር።

ሰው መጠርጠሩን ትቼ ወደ ስልኮቹ ዞርኩ። አንድሮይድ የትኛው አፕ ምን ያህል ዳታ እንደበላ መዝግቦ ያስቀምጣል። ሴቲንግ ገብቶ ኔትዎርክ የሚለውን መክፈት፣ ከዚያ ዳታ ዩሴጅ የሚለውን መፈለግ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው የሞባይል ዳታ ዝርዝር ነው። እዚያ ላይ የሚያስደነግጥ ነገር አላገኘሁም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። ወረድ ሲባል ግን የዋይፋይ አጠቃቀም የሚል ሌላ ዝርዝር አለ። እሱን ስከፍተው ከላይ ቁጭ ያለው ዩቲዩብም ቲክቶክም አልነበረም። ፕሌይ ስቶር ነው። የእናቴን ስልክ አየሁ፣ ያው ፕሌይ ስቶር። እናቴ ደግሞ ፕሌይ ስቶርን በሕይወቷ ከፍታው አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሌይ ስቶር አፕ የሚያድሰው በዘፈቀደ አይደለም፣ ሰዓት ይመርጣል። ስልኩ ዋይፋይ ላይ መሆን አለበት። ቻርጅ ላይ መሰካት አለበት። ማንም እየነካካው መሆን የለበትም። የሚታደሰው አፕም በዚያ ሰዓት ተከፍቶ መሆን የለበትም። እነዚህ ሁሉ የሚገጣጠሙት መቼ ነው? ሌሊት ነዋ። የኛ ቤት ስልኮች ደግሞ ሌሊት ሌሊት ሳሎን ውስጥ፣ ሚፋዩ አጠገብ ካለው ማከፋፈያ ላይ ተደርድረው ነው የሚያድሩት። መብራት ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ሲመጣማ ሁሉም በአንዴ ይሰካል። እኛ ተኝተናል፣ እነሱ ግብዣ ላይ ናቸው።

የፕሌይ ስቶር አፕዴት ሴቲንጉ «በዋይፋይ ብቻ» ላይ ነበር። ይሄ ነው ሰውን የሚያዘናጋው። ይህን ምርጫ የሠሩት ሰዎች ዋይፋይ ሲሉ የማያልቅ መስመር ማለታቸው ነው። ቤቱ ፋይበር የገባለት ሰው ምንም አይጎድልበትም። ሚፋይ ግን ዋይፋይ ይምሰል እንጂ ከጀርባው ያለው ያው በጊጋ የሚገዛ ዳታ ነው። ስልኩ ከፋዩ ማን እንደሆነ፣ ስንት ጊጋ እንደቀረ አያውቅም።

መፍትሔው ስልኩ ውስጥ ነበር። ሚፋዩን ለስልኩ «ይሄ መስመር ልክ አለው» ብሎ ማስተዋወቅ ይቻላል። የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ የተገናኛችሁበት መስመር አጠገብ ያለችውን ባለ ጥርስ መንኮራኩር ምልክት መንካት። ኔትዎርክ ዩሴጅ የሚል ይመጣል። በራሱ ይለየው በሚለው ላይ ነው የሚገኘው፤ እሱን ወደ ሚተርድ (ልክ ያለው) መቀየር። ሳምሰንግ ላይ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ተደብቋል፣ ተጨማሪ የሚለውን መክፈት ያስፈልጋል። በሌሎች ስልኮችም አቀማመጡ ይለያያል፣ ሚተርድ የሚለውን ቃል ግን ፈልጉት። ይህ ከተደረገ በኋላ ስልኩ ያንን ዋይፋይ እንደ ሞባይል ዳታ ይቆጥረዋል። ፕሌይ ስቶርም «በዋይፋይ ብቻ» ላይ ሆኖ እጁን ይሰበስባል። የቢሮው ፋይበር ጋ ስትሄዱ ግን እንደ ልማዱ ያወርዳል። በየስልኩ አንዳንድ ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። ከዚህ ሁሉ ነገር አንዷን ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህችን ሥሩ።

የስልክ ሆትስፖትን ለሚጠይቀኝ፦ አንድሮይድ ስልክ ለሌላ አንድሮይድ ሆትስፖት ሲከፍት ብዙውን ጊዜ ልክ ያለው መስመር መሆኑን ራሱ ይነግረዋል። ስለዚህ ያን ያህል አያሰጋም። ላፕቶፕ ስታገናኙ ግን ተጠንቀቁ። ዊንዶውስም ሚተርድ የሚል የራሱ ማብሪያ አለው፣ ካልበራለት ጉድ ያፈላል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ስነግረው ሳቀብኝ። «እኔማ ድሮ ነው ሙሉ በሙሉ የዘጋሁት» አለ። እውነቱን ነው፣ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ምርጫ አለ። በማንኛውም ኔትዎርክ፣ በዋይፋይ ብቻ፣ ወይም ጭራሽ አታድስ። የፕሮፋይል ምስላችሁን ነክታችሁ ሴቲንግ፣ ከዚያ ኔትዎርክ ፕሪፈረንስስ፣ ከዚያ አውቶ አፕዴት አፕስ ነው መንገዱ። እሱ ጭራሽ አታድስ የሚለውን መርጧል። አንድ ቀን ምሳ በልተን «ዛሬ እኔ ነኝ የምከፍለው» አለና ስልኩን አወጣ። የባንኩ አፕ ተከፈተ። ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍና አንድ ቁልፍ ብቻ። ካላደስክ አትገባም። የሞባይል ዳታው ደግሞ ተንጠፍጥፎ አልቋል። አስተናጋጇ ቢሉን እንደያዘች ቆማ ትጠብቃለች። ማን እንደከፈለ መናገር አያስፈልግም።

የገንዘብ አፕ እንዲህ ማድረጉ ያለ ምክንያት አይደለም። ዋትስአፕም ቢሆን የቆየ ቨርዥን ጊዜው ሲያልፍ መሥራት ያቆማል። ከመቆሙ በላይ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ዋትስአፕ ላይ አንድ ክፍተት ተገኝቶ ነበር። አጥቂው ስልክ ይደውላል፣ በቃ። ባለቤቱ ባያነሳው እንኳ የስለላ ሶፍትዌር ሊገባበት ይችል ነበር። ኩባንያው ክፍተቱን ደፍኖ ተጠቃሚዎቹን በሙሉ አፕዴት አድርጉ አለ። አፕዴት የዘጋ ሰው ያንን መድፈኛ አላገኘም ማለት ነው። በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዌብፒ የሚባለውን የምስል ዓይነት የሚከፍተው ኮድ ላይ ተመሳሳይ ነገር ተገኘ። ኮዱን ክሮምም ሌሎች ብዙ አፖችም ስለሚጠቀሙበት ሁሉም ተራ በተራ መታደስ ነበረባቸው።

ለመዝጋት ከሚቀርበው ምክንያት ዋናው ዳታ መቆጠብ ነው። እዚህም ላይ ሰው የማያየው ነገር አለ። አፕዴት ሲባል ሙሉ አፑ እንደ አዲስ ይወርዳል ማለት አይደለም። የተለወጠው ክፍል ብቻ ነው የሚመጣው። ጎግል በታኅሣሥ 2016 እ.ኤ.አ. ይህን አሠራር ሲያሻሽል፣ የሚወርደው ከሙሉው አፕ በአማካይ በ65 በመቶ ያነሰ እንደሚሆን ገልጾ ነበር። አንዳንዴም ከ90 በመቶ በላይ። ያኔ የተጀመረው ደግሞ በራሳቸው ለሚታደሱ አፖች ብቻ ነበር፣ ስልክ ላይ ሥራ ስለሚበዛበት ሌሊት ቻርጅ ላይ ቢሆን ይሻላል ተብሎ። ዓመት ሙሉ ዘግቶ አንድ ቀን «ሁሉንም አድስ» ማለት ቁጠባ ነው ብዬ አላምንም።

እናስ ምን አደረግሁ? አፖቼን ለየኋቸው። ጠቅላላውን «በዋይፋይ ብቻ» ላይ ተውኩት። የባንክ አፕ፣ ቴሌብር፣ ዋትስአፕ፣ ክሮም፣ እንዲሁም አንድሮይድ ሲስተም ዌብቪው የምትባለው ማንም የማያውቃት ነገር በራሳቸው ይታደሱ። ዌብቪውን አትናቋት። ብዙ አፖች ውስጣቸው ድረ ገጽ የሚከፍቱት በእሷ ነው። ጌሞቹን፣ የፎቶ ማሳመሪያዎቹንና ዓመት በዓል ሲመጣ ብቻ የምከፍታቸውን ግን በራሳቸው እንዳይታደሱ አንድ በአንድ ዘጋኋቸው። የአፑን ገጽ ፕሌይ ስቶር ላይ መክፈት፣ ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች መንካት፣ ኢኔብል አውቶ አፕዴት ከሚለው ላይ ምልክቱን ማንሳት። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ፊልም እያየሁ ነው የጨረስኩት።

የቀሩትን በእጄ አድሳለሁ። ፕሌይ ስቶር ውስጥ ማኔጅ አፕስ ስትገቡ የሚጠብቁ አፕዴቶች ዝርዝር አለ። በየአፑ ሥር ስንት ሜጋ እንደሆነ ተጽፏል። ይህን ዝርዝር ማየት ብቻውን ያስተምራል። ከፍቼው የማላውቀው ጌም ከባንኩ አፕ ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። እሱን አላድስም፣ አጠፋዋለሁ። ቢሮ ፋይበር ስላለ እዚያ ስሆን አወርዳለሁ። ቢሮ የሌለው ሰው የሌሊት ፓኬጅ ቢገዛ ይሻለዋል፣ ከቀኑ ይረክሳል።

ትንሽ መዘግየትም ጥቅም አለው። አዲስ አፕዴት አንዳንዴ ራሱ ተበላሽቶ ይመጣል። ከመጣ በኋላ ደግሞ ፕሌይ ስቶር ወደ ድሮው የሚመልስ ቁልፍ የለውም። ይህን ስለሚያውቁ የአፕ ገንቢዎች ለሁሉም በአንድ ቀን አይለቁም። አፕል ዘንድ ያለው ደረጃ በደረጃ የመልቀቂያ መንገድ ሰባት ቀን ይፈጃል፦ በመጀመሪያው ቀን 1 በመቶ፣ ከዚያ 2፣ 5፣ 10፣ 20፣ 50፣ በመጨረሻ 100። ይህ ወረፋ የሚመለከተው በራሱ እንዲታደስ የተወውን ነው። ቸኩሎ በእጁ የሚያወርድ በመጀመሪያውም ቀን ያገኘዋል። ስለዚህ «አዲስ ቨርዥን ወጣ» ሲባል ሮጦ ማውረድ ለኔ አይገባኝም። የደኅንነት ጉዳይ ካልሆነ በቀር ሌሎች ይሞክሩት።

የእናቴ ስልክ ግን ለብቻው ታሪክ ነው። ቴክኖ ነው፣ 32 ጊጋ። «ልጄ፣ ይሄ ስልክ ለምንድን ነው ሲነጋ መልኩን ቀይሮ የሚጠብቀኝ?» ትለኛለች። የምትጫነው ቦታ ተቀይሮባት ማለቷ ነው። ፕሌይ ስቶሩን ካስተካከልኩላት በኋላም አፖች መታደሳቸውን አላቆሙም። ስፈትሽ ስልኩ ላይ ሌላ ሱቅም አለ፣ ፓልም ስቶር የሚባል። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ላይ ተጭኖ ይመጣል። ሳምሰንግ ጋላክሲ ስቶር አለው፣ ሁዋዌ አፕጋለሪ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የአፕዴት ሴቲንግ አላቸው፣ አንዱን መዝጋት ሌላውን አይዘጋም።

ስቶሬጇም ሞልቶ ነበር። ከፋብሪካ የመጡ አፖች ሙሉ በሙሉ አይጠፉም። ግን አፕዴታቸውን ማንሳት ይቻላል፣ አፑ ስልኩ ሲገዛ ወደነበረበት መጠን ይመለሳል። እዚያው ላይ ዲሴብል ማድረግን አትርሱ፣ ካልሆነ ነገ ተመልሶ ይወርዳል። «እማዬ፣ ይሄን ትጠቀሚበታለሽ?» እያልኩ አንድ በአንድ ጠየቅኋት። «ምንድን ነው እሱ?» ያለችውን ሁሉ ዘጋሁ። ብዙ ቦታ ተገኘ። እናቴና ስልኩ የተስማሙት ከዚያ ወዲህ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከውጭ የተላከለት አይፎን ነው የያዘው። እዚያ ላይ ነገሩ አጭር ነው። አፕ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ አፕ አፕዴትስ የሚል አንድ ማብሪያ አለ፣ የሚያበራውም የሚያጠፋውም ሁሉንም ነው። እንደ አንድሮይድ በየአፑ መምረጥ አይቻልም። እዚያው ገጽ ላይ በሞባይል ዳታ በራሱ እንዳያወርድ የሚከለክል ሌላ ማብሪያ አለ። ለሚፋዩ ደግሞ የዋይፋዩን ስም አጠገብ ያለችውን ምልክት ነክቶ ሎው ዳታ ሞድ ማብራት ነው። እሱ ሲበራ በራሱ ማውረድም ባክአፕም ይቆማል።

ፓኬጁ አሁን ከድሮው ይቆያል። እስከ ወሩ መጨረሻ ግን አልደረሰም ነበርና ያንን የዋይፋይ ዝርዝር እንደገና ከፈትኩት። ፕሌይ ስቶር ወደ ታች ወርዷል። ቦታውን የያዘው ቴሌግራም ነው። ቻናል ሲበዛ ቪዲዮውም ፎቶውም ሳትነኩት ይወርዳል። ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ውስጥ ገብታችሁ አውቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ የሚለውን ፈልጉ። ለሞባይል ዳታ፣ ለዋይፋይና ለሮሚንግ ለየብቻ ማብሪያ አላቸው። ሚፋይ ያለው ሰው የሞባይሉን ብቻ አጥፍቶ እንዳይወጣ፣ የዋይፋዩንም ያጥፋ። ቴሌግራሙን ከፕሌይ ስቶር ሳይሆን ከራሱ ድረ ገጽ ያወረደ ሰው ደግሞ አፕዴቱም የሚመጣለት ከቴሌግራም ከራሱ ነው፤ የፕሌይ ስቶሩ ሴቲንግ እዚያ አይደርስም።