ስም ያለበት ማመልከቻ

ጣፎ መንገድ ዳር ማመልከቻ ጽሕፈት ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፣ ሰዉ ሕገ መንግሥት የሚባል ነገር ትዝ የሚለው የመጨረሻው ችሎት፣ ሰበር ላይ ከተሸነፈ በኋላ ነው። እስከዛ ድረስ ወሬው ውል፣ ምስክር፣ ካርታ፣ ይርጋ (የክስ ጊዜ ገደብ) ምናምን ነው። ሰበር «አያስቀርብም»፣ ጉዳይህን አላየውም፣ ካለ በኋላ ግን «ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ጻፉልኝ» ብሎ ይመጣል፣ እንደዛ የሚባል ፍርድ ቤት ደግሞ ሀገራችን ውስጥ የለም።

እኛ ቤት ይሄን ነገር አብጠርጥረው የሚያውቁት ጋሼ ናቸው፣ የቤቱ ባለቤት። ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆነው ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ጡረታ ሲወጡ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ኮፒ ማሽን ገዝተው የተቀመጡ ሰው ናቸው። እኔ ውልና ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ አንድ ልጅ ደግሞ ታይፕ ያደርጋል፣ እጁ በጣም ፈጣን ነው፣ የሚጽፈውን ግን አያነበውም።

የማወራችሁ ነገር የሆነው ጥር 2015 ላይ ነው፣ ጥምቀት ሊደርስ ሲል። አንዲት እማማ ከዛው ከአካባቢው ይመጡ ነበር። አባታቸው ገበሬ ነበሩ፣ ከተማው እየሰፋ መጥቶ መሬቱን ሲወስደው ካሳው ለወንድሞቻቸው ተከፈለ፣ እሳቸው «ባል ያገባሽ ነሽ» ተብለው ቀሩ። ዝም ብለው ብዙ ዓመት ቆዩና ሲከሱ በይርጋ ታገደ ተባለ፣ ይግባኝም ሰበርም አልሆነም። አንድ ጉዳይ ገዳይ ደግሞ አግኝቷቸዋል። «ሕገ መንግሥቱን የሚዳኙትን ዋናዋን ዳኛ አውቃቸዋለሁ፣ በስማቸው አጽፈው ይስጡኝ፣ እጃቸው ላይ አስቀምጣለሁ» ብሏቸዋል። በነጻ እንዳልሆነ መቼም ይገባችኋል።

እማማም አላንገራገሩም፣ ምክንያቱም ሴትዮዋን በቲቪ ያውቋቸዋል። በኮሮና ጊዜ፣ ግንቦት 2012፣ ምርጫው መራዘም አለበት ሲባል ሕገ መንግሥቱ ይተርጎም ተብሎ የሕግ ምሁራን እየቀረቡ ሲያስረዱ በቀጥታ ተላልፎ ነበር፣ መድረኩን የሚመሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። እማማ «ያን ሁሉ ፕሮፌሰር ቁጭ አድርጋ የምትጠይቅ ሴት የኔን ነገር አይታ ዝም አትልም» ነው የሚሉት፣ ደሞ የሴቶች ጠበቃ ነበረች ሲባልም ሰምተዋል፣ እውነት ነው፣ የሴት የሕግ ባለሙያዎችን ማኅበር ከመሠረቱት ናቸው።

ልጁ እማማ እንደነገሩት አርጎ ጻፈው። «ለክብርት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ» ብሎ ከላይ በቦልድ። ጥር 9 ቀን እማማ ሊፈርሙ መጥተው ቁጭ እንዳሉ ሬዲዮኑ ዜና አመጣ፣ ፓርላማው የጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ፕሬዝዳንት ወይዘሮ መዓዛና ምክትላቸው በገዛ ፈቃዳቸው መልቀቃቸውን ተቀብሎ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት አቶ ቴዎድሮስ ምሕረትን ፕሬዝዳንት፣ ወይዘሮ አበባ እምቢአለን ምክትል አድርጎ ሾመ።

እማማ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አርገው «ወይኔ ሄደች?» አሉ።

ልጁ ምንም አልመሰለውም። «ችግር የለም እማማ፣ አሁን ሪፕሌስ አደርገዋለሁ» ብሎ የአዲሱን ስም መጻፍ ጀመረ። ጋሼ ከወዲያ ሆነው «ተው!» አሉት፣ ድምፃቸው ኮፒ የሚያስነሱትን ሰዎች ሁሉ አዞረ። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡትና በእስክሪብቶ ስሙን ከነክብርቱ ሰረዙ፣ «የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት» የሚለውንም ሰረዙ፣ «ዋና ዳኛ» የሚለውንም ሰረዙ። ከአድራሻው የቀረው «ለ» ብቻ ነበር።

ከዛ እማማን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው አስረዷቸው፣ እኔም ሥራዬን ትቼ ሰማሁ። እናቴ፣ እኛ ጋ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ አንቀጽ 83 ላይ ተጽፏል። ለሱ የሚያጣራለት ደግሞ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሚባል አለ፣ 11 ሰው ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ሰብሳቢ፣ ምክትላቸው ምክትል ሰብሳቢ፣ 6 የሕግ ባለሙያ የተወካዮች ምክር ቤት አቅርቦ የሀገሪቱ ፕሬዝዳንት የሚሾማቸው፣ 3 ደግሞ ፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ከራሱ አባላት የሚልካቸው። ለጉባኤው ሰብሳቢነት ብቻ ተብሎ የሚሾም ሰው የለም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰው ያቀርባል፣ ፓርላማው ይሾማል፣ የተሾመው ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሰብሳቢነቱም አብሮ ይመጣል። ሲለቅም አብሮ ይሄዳል። ፋይሉ ግን የትም አይሄድም።

እማማ ዝም ብለው ሰሙና እንዲህ አሉ፣ «ቆይ ወንድሜ፣ ሰበር ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት አይደል እንዴ? እኔን አያስቀርብም ያለው ሰበር ነው። አሁን አቤት የምለው የዛው ቤት አለቃ ለሆነ ሰው ነው?»

ፊደል ያልቆጠሩ እናት ናቸው። ሕግ ትምህርት ቤት ሴሚናር የሚዘጋጅበትን ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ጠየቁት፣ እኔ በበኩሌ መልስ አልነበረኝም።

ጋሼም አልሸፋፈኑትም። «ልክ ነዎት፣ እንደሱ ነው። ግን እሱ ከ11 አንዱ ነው፣ ጉባኤውም የመጨረሻውን አይወስንም፣ ትርጉም ያስፈልገዋል ካለ የውሳኔ ሐሳብ አርጎ ለምክር ቤቱ ይልካል፣ አያስፈልገውም ካለም ቅር የተሰኘ ሰው ለዛው ለምክር ቤቱ ይግባኝ ማለት ይችላል» አሉ። ከዛ ወደኔ ዞረው የድሮውን አነሱ፣ በ97 ምርጫ ጊዜ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንቱ አቶ ከማል በድሪ የምርጫ ቦርድም ሰብሳቢ ነበሩ፣ በዛ ላይ የአጣሪ ጉባኤው ወንበር፣ አስቡት እንግዲህ ሦስት ኮፍያ አንድ ራስ ላይ። «ሰውየውን አይደለም የምለው፣ አሠራሩን ነው» አሉ ጋሼ።

እኔ ግን ሰውየውንም አሠራሩንም ነጣጥሎ ማየት ይከብደኛል። ጀርመኖች ለዚህ ብቻ የቆመ ፍርድ ቤት አላቸው፣ ካርልስሩሄ ከተማ ያለ፣ 16 ዳኞች፣ ግማሹን አንዱ ምክር ቤት ግማሹን ሌላው ይመርጣል፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ 12 ዓመት ያገለግላል ድጋሚ አይመረጥም። ስለዚህ አንድ ፓርቲ ብቻውን ሰው ማስገባት ይከብደዋል፣ ዳኛውም ድጋሚ ልሾም ብሎ ማንንም አይለማመጥም። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ዋና ዳኛውን ፕሬዝዳንቱ ነው የሚሾመው፣ ግን መጀመሪያ የዳኞች ጉዳይ ኮሚሽኑንና ፓርላማ ያሉ የፓርቲ መሪዎችን ማማከር አለበት። የኛዎቹ ሕግ አውጪዎች በ87 ሲጽፉት የሕገ መንግሥቱ ባለቤት ብሔር ብሔረሰቦች ናቸው፣ ስለዚህ ተርጓሚውም የነሱ ተወካዮች ያሉበት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሁን ነው ያሉት። ሐሳቡ ይገባኛል፣ ግን እማማ ለጠየቁት ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ለማንኛውም ወደ ወረቀቱ። ጋሼ ልጁን አስነስተው እኔን አስቀመጡኝና «ማን ላይ እንደሚደርስ ሳይሆን ምን እንደሚል እንጻፍ» አሉኝ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ሦስት ገጽ ሙሉ ልቅሶ ነበር፣ ወንድሞቼ ከዱኝ፣ ምስክሮቼ አልተሰሙም፣ ዳኛው ፊቱን አጠቆረብኝ። ጋሼ ይሄን ሁሉ አወጡት፣ ምክንያቱም ማስረጃ እንደገና ይመዘንልኝ የሚል አቤቱታ አጣሪ ጉባኤ ጋ ሲደርስ «የሕገ መንግሥት ትርጉም አያስፈልገውም» ተብሎ ነው የሚመለሰው፣ እዛ ከሚገባው አብዛኛው የሚወድቀውም በዚህ ነው። የቀረው አንድ ገጽ ተኩል ነበር። አንቀጽ 35 ንዑስ 7፣ ሴቶች መሬትን በሚመለከት ከወንዶች ጋር እኩል መብት አላቸው፣ በውርስም በእኩልነት ይታያሉ ይላል። አንቀጽ 9 ደግሞ ልማዳዊ አሠራርም ሆነ የመንግሥት አካል ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ከተቃረነ አይሠራም ይላል። ስለዚህ «ባል ያገባች ሴት አትወርስም» በሚል ልማድ የተከለከለችን ሴት ይርጋ ብሎ መመለስ ልማዱን ማጽደቅ አይሆንም ወይ፣ ይሄ ነው ጥያቄያችን። የሰበሩን ትእዛዝና የሥር ፍርድ ቤቶቹን ውሳኔ ግልባጭ አያያዝን። አድራሻው «ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ» ሆነ፣ በቃ፣ ስም የለ ክብርት የለ።

እማማ ትንሽ ከፍቷቸው ነበር። ስም የሌለበት ደብዳቤ ማን ያነበዋል ብለው።

የዛኑ ቀን ከሰዓት ጉዳይ ገዳዩ መጣ፣ ወረቀቱን ሊወስድ። ዜናውን ሰምቷል። በሩ ላይ ቆሞ ሳይግደረደር «አይዞዎት እማማ፣ አዲሱንም አውቃቸዋለሁ፣ እንደውም ይሄኛው ይቀርበኛል» አላቸው። እማማ አንዴ እሱን አንዴ ጋሼን አዩና «ጠዋት ነው እኮ የተሾመው ልጄ» አሉት። ልጁ ኪቦርዱ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ሰውየው ቀብድ መልሱልኝ እንዳይሉት ፈርቶ ነው መሰለኝ ስልክ እያወራ ወጣ።

ማመልከቻውን ከጥምቀት በኋላ እኔ ራሴ አብሬያቸው ሄጄ አስገባን፣ መዝገብ ቤት ተቀብሎ ቁጥር ሰጠን፣ ይሄው ነው። መልሱ ቆይቶ መጣ፣ ብዙ ቆይቶ፣ ትርጉም አያስፈልገውም የሚል። እማማ ይዘውት መጥተው መጀመሪያ የጠየቁት «ማነው የፈረመው?» ብለው ነው፣ ጋሼ ደግሞ ፊርማውን በጣታቸው ሸፍነው ምክንያቱን አነበቡላቸው፣ ይርጋ የመደበኛ ፍርድ ቤት ሥራ ነው የሚል ነበር። ጋሼ አልተስማሙም። ያኔውኑ በአንቀጽ 84 መሠረት ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ ጻፍን፣ ልጁ ከላይ የአፈ ጉባኤውን ስም ላስገባ ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ የጋሼን ዓይን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

ይግባኙ እስካሁን እዛው ነው። ጉዳዩ ከጉባኤው ከተላከለት ምክር ቤቱ በ30 ቀን ይወስናል ይላል ሕገ መንግሥቱ፣ የኛ ግን በይግባኝ የሄደ ነው፣ እንጠብቃለን። ጉዳይ ገዳዩም በቀደም እማማን መንገድ ላይ አግኝቷቸው እዛም ዘመድ አለኝ ብሏቸዋል አሉ።