ጅማን የሰጠንበት ቀን

ባለፈው ሐምሌ አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሁለት ሳምንት የክረምት ካምፕ ገብቼ ነበር። ኮዲንግ አለ፣ ቼዝ አለ፣ ሥዕል አለ። እኔን የሳበኝ ግን የመጨረሻው ቀን የእንቆቅልሽ ፍለጋ ነው።

አራት አራት ሆነን ተከፋፈልን። የተሰጠንን ወረቀት ስንፈታ ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ቦታ ይወጣል። እዚያ አስተባባሪ ቀጣዩን ወረቀት ይዞ ይጠብቃል። አምስት ካርድም ተሰጠን፦ ጎንደር፣ ሐረር፣ ጅማ፣ አክሱም፣ አርባ ምንጭ። ያቃተው ቡድን ልክ እንደ ቤቱ እንቆቅልሽ አገር ይሰጣል፤ በምትኩ ፍንጭ ያገኛል። ያልተሰጠ አገር መጨረሻ ላይ ነጥብ ይሆናል። ይቺን ሕግ እስካሁን እወዳታለሁ።

የመጀመሪያው ወረቀት ቶሎ አለቀ። መልሱ ድንቅነሽ ነበር፤ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም በእግራችን ሄድን።

ሁለተኛው ያዘን። አናቱ ላይ «አልማዝ በጠዋት ገበያ ደረሰች» ይላል። ከሥሩ ቁጥሮች፦ ፩-፩፣ ፲፬-፮፣ ፪-፩፣ ፳፩-፬። ከታች ደግሞ «ሮም ደርሶ መጥቷል»።

የመጀመሪያው ቁጥር ስንተኛ ፊደል እንደሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን እንደሚናገር ወዲያው ገባን። በሀ ሁ ቆጠርን። «ሀንለዛ» ወጣ። ጭራሽ ትርጉም የሌለው ነገር ቢወጣ ኖሮ እንተወው ነበር። ግን መጨረሻው «ለዛ» ነው፤ ለዛ ደግሞ ቃል ነው። ስለዚህ «ሀን» ምንድን ነው እያልን ተጨቃጨቅን። አንዱ ጓደኛችን ከአልማዝና ከገበያው ተነስቶ መርካቶ እንሂድ አለ። ሌላው ሮም የሚለውን ይዞ የአክሱም ሐውልት አለ፤ እሱ ደግሞ ያለው አክሱም ነው።

ዝናቡ መጣ። አንድ ሱቅ ታዛ ሥር ቆምን። ወረቀቱ ርሶ ቀለሙ መፍሰስ ጀመረ፤ ቁጥሮቹን ክንዴ ላይ በእስክሪብቶ ገለበጥኳቸው። ለክረምት ውድድር የምትወጡ ፌስታል ያዙ፣ ወረቀቱን እንደተቀበላችሁም በስልክ ፎቶ አንሱት።

«በቃ ጅማን እንስጥ» አለችኝ ጓደኛዬ።

«አምስት ደቂቃ ብቻ» አልኩ። ይህንን አራት ጊዜ ብያለሁ። ካርዶቹን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ አምስቱንም ሳላስነካ መጨረስ ፈልጌ ነበር። አርባ ደቂቃ ያለቀው እንቆቅልሹ ከብዶን አይደለም። እኔ እጄን ስላልፈታሁ ነው።

በመጨረሻ ወደ አስተባባሪዋ ተመልሰን ጅማን ሰጠን። «ፊደል የሚቆጠረው በአንድ መንገድ ብቻ ነው?» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ጓደኛዬ ልጅ ሆና የኔታ ጋ ተምራለች። «አቡጊዳ!» ብላ ጮኸች። «አ በ ገ ደ፣ ሀ ወ ዘ...» እያለች በጣቷ ትቆጥራለች። አሥራ አራት ላይ «ነ» አለች። በሁለቱም አቆጣጠር «ነ» አሥራ አራተኛ ነው፤ ከ«ሀንለዛ» ውስጥ «ን» ብቻ ትክክል የነበረው ለዚህ ነው። አ፣ ን፣ በ፣ ሳ። አንበሳ!

ያኔ አናቱን ድጋሚ አየሁት። አልማዝ፣ በጠዋት፣ ገበያ፣ ደረሰች። የአራቱ ቃላት መጀመሪያ አ በ ገ ደ ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ ዓይናችን ሥር ነበር። አሁን የማንኛውም እንቆቅልሽ ርዕስ ለእኔ ርዕስ አይደለም፤ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው።

አዲስ አበባ አንበሳ ሞልቷል። ጥቁር አንበሳ አለ፣ ብሔራዊ ቴአትር ጋ ያለው የድንጋዩ አለ። ሮም ደርሶ የመጣው ግን የለገሀሩ ነው፤ ለ1923ቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ቆሞ፣ በወረራው ዘመን ጣልያን የወሰደው፣ በኋላም የተመለሰው። ታክሲ ይዘን ወረድን። ባለ ዘውዱ አንበሳ ዝናቡ አጥቦት ያበራል። ሥሩ አስተባባሪው ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። ሁለት ቡድን ቀድሞን አልፏል፤ አንደኛው ሦስት አገር ሰጥቶ።

ሦስተኛውን ወረቀት ተቀበልኩ። ርዕሱን ጮክ ብዬ ለሁሉም አነበብኩ። አሥር ደቂቃ ሞከርን። ማንም ሳይጠይቀኝ ሐረርን አወጣሁ።