በቱቦው ውስጥ ያየሁት አረፋ

ሐሙስ ማታ፣ ደብረ ብርሃን

እጄ አሁንም ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ሁለቴ በሳሙና ታጥቤው አልለቅ ብሏል። ቢሆንም ሳልተኛ ልጻፈው። እነዚህ ሦስት ሳምንታት እንዲሁ እንዲረሱ አልፈልግም።

መኪናዬ ባለ አንድ ጋቢና ሃይሉክስ ናት፤ ሞተሯ 5ኤል፣ 2,986 ሲሲ፣ ተርቦ (ወደ ሞተሩ አየር ገፍቶ የሚያስገባ) የሌለው የድሮ ናፍጣ። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት እየጫንኩ ወደ ደብረ ብርሃን የማወጣው በእሷ ነው። የቤቴ እንጀራ ናት።

ሕመሟ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቆማ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሯ ሲሠራ፣ ምንም አይላትም። ሜዳውን በ60 ስነዳትም ደህና ናት። ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ግን ትታፈናለች፤ ድው ድው ትልና ትንገጫገጫለች፣ እግሬን ቀለል ሳደርግላት መልሳ ትስባለች። መጀመሪያ የከፍታው ነገር መስሎኝ ነበር። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ላይ ቢደክም አይደንቅም አልኩ። አየር ያነሰው ናፍጣ ሞተር ግን ጥቁር ጭስ ይተፋል። የኔዋ ስትታፈን ጭስ የሚባል አልነበራትም፤ ያነሳት ነዳጁ ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ባለፈው ማክሰኞ ስምንት ኩንታል ጭኜ ከደብረ ሲና በላይ፣ የጣርማ በር ዋሻ ጋ ሳልደርስ፣ ጥምዙ ላይ ጠፋችብኝ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል። ረዳቴ ታኮውን ይዞ ዘሎ ወረደና የኋላ ጎማ ሥር ወሸቀው። ከኋላ የነበረው አይሱዙ መብራቱን እያበራ ቆመ። ያ የ19 ዓመት ልጅ፣ በዚያ ዳገት ላይ፣ ከተጫነች መኪና ኋላ ተንበርክኮ በመስታወት ሳየው ሆዴ ተንቦጫቦጨ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አልመሰለኝም። ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠጥር ደጋግሜ ጫንኩት፤ ተነሳችልኝ፣ እየጎተትኩ ገባሁ።

ፊልትሮ ቀየርኩ። ሁለት ቀን የተሻላት መሰለኝ፤ ተመለሰባት። አንድ ጋራዥ ሞተሩን እንኳ ሳያስነሱ «ፖምፓው ሞቷል፣ ወርዶ አዲስ አበባ ይሂድ» አሉኝ፤ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ዋናውን ፓምፕ ማለታቸው ነው። የጠሩት ዋጋ የሁለት ወር ገቢዬ ነው። አምኛቸው ሶማሌ ተራ ያገለገለ ፖምፓ እንዲያፈላልግልኝ ለአጎቴ ልጅ ደውዬ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግን ሰው ጠቁሞኝ ጡረታ ወጥተው ግቢያቸው ውስጥ ብቻ የሚሠሩ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ኮፈኑን ከፈቱ እንጂ መፍቻ አላነሡም። ጠየቁኝ።

«ጠዋት ቶሎ ትነሳለች?»

«ኧረ ጋሼ፣ ታለፋኛለች። ውርጩ ነው ብዬ ካንዴሌታ፣ ስትነሳ የሚያሞቃትን፣ ቀየርኩላት።»

«ካደረች ብቻ ነው ወይስ ለምሳ አቁመሃት ስትመለስም?»

አሰብኩት። ለምሳም ታለፋኝ ነበር። ሸዋ ሮቢት ላይ በቀትር ምን ውርጭ አለ?

«ናፍጣው ወደ ታንከሩ እየተመለሰ ነው ልጄ። አየር የሚገባበት ቦታ አለ።»

ሥሯ ተኝቼ እንዳየሁ፣ አንድ ጠብታ እርጥበት እንደሌለ ነገርኳቸው። ያኔ ነው ያስረዱኝ። የዚህች መኪና ፖምፓ ናፍጣውን ከታንከር የሚስበው ራሱ ነው፤ መሃል ላይ ሆኖ የሚገፋ ሌላ ፓምፕ የለም። ስለዚህ ቱቦው ቢሰነጠቅ፣ ሞተሩ እየሠራ ናፍጣ ወደ ውጭ አይፈስም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ነዳጅ ሲረገጥ መሳቡ ይበረታል። ዳገት ላይ ደግሞ አፍንጫዋ ስለሚነሳ ታንከሩ ከሞተሩ ይበልጥ ዝቅ ይላል። ሦስት ሳምንት ያየሁት ሁሉ አንድ በአንድ ቦታው ገባ።

ከጓዳ የግንበኞች የውሃ ልክ ቱቦ፣ ያን ውስጡ የሚታየውን፣ ይዘው መጡ። ስንዝር ያህል ቆርጠው ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው በሚሄደው መስመር ላይ አስገቡት። ሚኒሞ ላይ የጠራ ናፍጣ ሞልቶት ጸጥ አለ። ረዳቴ ጋቢና ገብቶ ነዳጅ ሲሰጣት መጀመሪያ የጤፍ ፍሬ የምታህል አረፋ መጣች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ እንደ ጨሌ ተያይዘው ይፈሱ ጀመር፤ እነሱ በገቡ ቁጥር ሞተሩ ድው ይላል። ያን ሳይ እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። በዓይኔ ስላየሁት ይመስለኛል።

ፖምፓውን ነጻ ለማውጣት ደግሞ ንጹሕ ናፍጣ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከሞተሩ አጠገብ ከፍ አድርገው አሰሩና የፖምፓውን መሳቢያም መላሹንም ቱቦ እዚያ ከተቱ። (ቤንዚን መኪና ላይ ይህን እንዳትሞክረው ብለው ደጋግመው አስጠነቀቁኝ።) ረዳቴ እስከ ወለሉ ረገጣት። አንዴም ሳትታፈን ጮኸች። ሞተ የተባለው ፖምፓ ምንም አልሆነም ነበር።

ከዚያ በኋላ ፍለጋው ጠበበ። ከብረቱ መስመር ወደ ፊልትሮ የሚመጣው የጎማ ቱቦ ላይ ፋሸታው (ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ሲፈታ፣ በፋሸታው ሥር፣ ቀጥ ሲል የማይታይ ሲታጠፍ ግን እንደ ከንፈር የሚከፈት ስንጥቅ አገኘን። ግማሽ ሜትር የናፍጣ ቱቦና ሁለት ፋሸታ። በቃ። አየሩን በእጅ ፓምፑ አስወጣን። የሚታየውን ቱቦ መልሰው አወጡት፤ ለማያ እንጂ ለመኖሪያ አይሆንም፣ ናፍጣ ያደርቀዋል አሉ።

ከሰዓት ባዶዋን ደብረ ሲና ድረስ ወርጄ ተመለስኩ። ያቺ ጥምዝ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ረገጥኳት፤ ሳበች። ረዳቴ ታኮውን እግሩ ሥር ይዞ ነበር የተቀመጠው፤ ዋሻው ስንገባ ወደ ኋላ መልሶ አስቀመጠው።

ጭነት ላይ የማያት ቅዳሜ ነው። እሑድ የታንከሩን ዳር የጎማ ቱቦዎችም እቀይራለሁ፤ ከተሰነጠቀው ጋር ዕድሜያቸው አንድ ነው።